ባንችይርጋ ስትወድቅ

ሰርክአዲስ ከደብተሯ እያነበበች ባንችይርጋ ዳገቱ ላይ የወደቀችበት ቦታ ስትደርስ፣ ቤት ሙሉ ሴት በአንድ ጊዜ ሳቀባት።

የፈገግታ ዓይነት ሳቅ አይደለም። አንዷ የያዘችውን ጠላ ጭኗ ላይ ደፋች፣ አንዷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈች፣ የቤቱ ባለቤት አሰለች ደግሞ ጭራሽ ከመደቡ ላይ ወደ ኋላ ተንጋለለችና «ያዙኝ! ሶፋ አምጡልኝ!» እያለች እጇን አወራጨች። የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ነው እንግዲህ፤ ቄሱ ዳቦውን ባርከው ከወጡ ግማሽ ሰዓት አልሞላቸውም።

ሰርክአዲስ ደብተሩን እንደዘረጋች ቀረች። አልቅሱልኝ ብላ ያመጣችው ታሪክ ነበር።

«ምኑ ነው የሚያስቀው?» አለች።

«ኧረ እታለም፣ አንቺው አሳቅሽን እንጂ!» አሰለች እንባዋን ጠረገች። «ባንችይርጋ ብለሽ፣ ደሞ ወደቀች ብለሽ፣ ምን ሁኑ ነው የምትይን?»

«ሰው ወደቀ ተብሎ ይሳቃል?»

«ሰው መቼ ሆነች? ባንችይርጋ ናት!» አለች ሌላዋ። ቤቱ እንደ አዲስ ፈነዳ።

ሰርክአዲስ ቴሌቪዥን የላትም። ቢኖራትም የምታይበት ጊዜ የላትም፤ ጧፍ ሠሪ ናት። ቀኑን ሙሉ ሰም ታቀልጣለች፣ ፈትል ትነክራለች፣ ትጠቀልላለች፤ ላሊበላ ያሉት ካህናትም ከሩቅ የሚመጣው ተሳላሚም ከእሷ ይገዛል። ስለዚህ አገር ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ያን ዕለት ነው የሰማችው። በቴሌቪዥን በየሳምንቱ የሚታይ አስቂኝ ድራማ አለ። እዚያ ውስጥ ባንችይርጋ የምትባል ውሸታም የቤት ሠራተኛ አለች። ሰሃን ሰብራ ስትጠየቅ ትወድቃለች፣ ስኳር ሰርቃ ስትጠየቅ ትወድቃለች፣ ፍቅረኛዋን ደብቃ ስትያዝ ትወድቃለች። ግን መሬት ላይ አትወድቅም፤ «ሶፋ አምጡልኝ» ትላለች፣ ሶፋው ሲመጣላት ነው የምትወድቀው። ይኸው ነው ቀልዱ። በዚህ የተነሣ ከሰቆጣ እስከ ደሴ ትልቁም ትንሹም ሥራ ሲበዛበት «ባንችይርጋ ሆንኩ» ይላል።

«ስሙን ቀይሪዋ!» አለች አሰለች፣ ጠላ እየቀዳችላት። «ምን ቸገረሽ? የፈጠርሽው ታሪክ አይደለም እንዴ?»

ሰርክአዲስ ደብተሯን አጥፋ ጠላውን ሳትቀምስ ወጣች።

የፈጠረችው ታሪክ ነው፤ እሱስ እውነት ነው። በታሪኩ ያለችው ባንችይርጋ ባል አላት፣ ሁለት በቅሎ አላት፣ ድምጿ ያማረ ነው። የሰርክአዲስ ታናሽ እህት ባንችይርጋ ግን ባልም በቅሎም አልነበራትም፣ ዘፈንም አይሆንላትም ነበር። ኮን ገበያ በርበሬ ትነግድ ነበር። በዚያ ክፉ የጦርነት ዓመት፣ መንገዱ ተዘግቶ ስልኩ ጠፍቶ ሳለ፣ በእግሯ ወደ እህቷ ልትመጣ ተነሣች። ልቧ ድሮም ደካማ ነበር። ከኮን ብዙም ሳትርቅ ወደቀች። ደሳለ የሚባል የዋድላ ገበሬ ከማሳው አይቷት ሮጠ፤ አንሥቶ ጭኑ ላይ አስተኛትና «ስምሽ ማን ነው?» አላት። «ባንችይርጋ» አለችው። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ስሟን ስለነገረችው ነው ቀባሪዎቹ ማንነቷን አውቀው በስሟ የቀበሯት፣ ስልክ ሲከፈትም ጠያይቀው ሰርክአዲስ ጋ የደረሱት።

ሲደርሱ ግን አርባዋ አልፎ ነበር። ሰርክአዲስ ለቅሶ ተቀመጠች፤ ሰባት ሰው መጣ። በዚያ ሰሞን ሁሉም ቤት የራሱ ሐዘን ነበረበት፤ በማን ይፈረዳል? አልቃሽ አልተገኘም። በእነሱ ዘንድ ደግሞ ለቅሶ ማለት ስም መጥራት ነው። አልቃሽዋ የሟችን ስም እየጠራች ታወርዳለች፣ ሰው ይቀበላል፣ እንባው በስሙ ላይ ይወርዳል። የባንችይርጋ ስም አልተጠራም። ሰርክአዲስ ይኼ ነገር አራት ዓመት ሙሉ ሰም ስታቀልጥ ከእሳቱ ጋር አብሮ ሲያቃጥላት ኖሮ፣ በመጨረሻ አራተኛ ክፍል ላይ በቆመ ትምህርቷ ደብተር ገዝታ ጻፈች። በሬዲዮ አድማጮች የጻፉት ታሪክ የሚነበብበት ዝግጅት እንዳለ ሰምታ ገልብጣ ላከችላቸው። አገር ያዳምጠዋል። ባንችይርጋ፣ ባንችይርጋ እየተባለ ይነበባል፤ አገር ያለቅስላታል። ሐሳቧ ይኼ ብቻ ነበር። ለእህቷ ያልነበራትን ሁሉ ጨምራላታለች፤ ያልነካችው ስሙን ብቻ ነው።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት፣ ሰሙ ምድጃ ላይ እንዳለ ስልኳ ጮኸ። የሬዲዮ ጣቢያው አዘጋጅ ነው፤ ቃለሕይወት ይባላል፣ በድምፁ ሃያ አምስትም አይሞላው።

«እትዬ ሰርክአዲስ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ታሪክዎ ተመርጧል። ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይተላለፋል።»

«እግዜር ይስጥህ ልጄ።»

«አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ…»

«ስሙ» አለች።

«አወቁት! ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ራሴ ሳነበው… ማለቴ በጣም አሳዛኝ ታሪክ ነው። ግን እዚያ ወደቀች የሚለው ቦታ ላይ ቢሮው በሙሉ…»

«ሳቃችሁ።»

«አድማጭም ይስቃል እትዬ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ስሟ ተይዟል፣ በቃ። ሌላ ስም ይስጧት። ልብ ወለድ ነው፤ ማንም ብትባል ያው ናት። እስከ ነገ ማታ ይላኩልኝ፣ አንባቢዋ ዓርብ ነው የምትቀዳው። ካልሆነ ግን ይቅርታ፣ በዚህ ስም ማስተላለፍ አልችልም።»

ሰሙ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ፈሰሰ። ሰርክአዲስ በባዶ እጇ ድስቱን አነሣችና ጣቷን አቃጠለች።

ያን ቀን አንድ ቦታ አልረጋችም። ጥቂት ፈትል ትጠቀልልና ትነሣለች፣ ደጅ ትወጣለች፣ ትመለሳለች። ደብተሯን ከፈተች፤ ከአንድ ገጽ አናት ላይ «ባንችይርጋ» ብላ ጻፈች፤ አየችው። ከዚያ ጥርሷን ነክሳ ሠረዘችው። አንድ መስመር አልበቃትም፣ ሁለት አደረገችው። ከሥሩ «የትናየት» ብላ ጻፈችና ገጹን ገንጥላ ይዛ አሰለች ቤት ሄደች። አሰለች አጥር ላይ ልብስ ታሰጣለች።

«የትናየት ብላትስ?»

«እ!» አሰለች ሳቀች። «የትናየት ባሏን በመርዝ የገደለችዋ ሀብታም አይደለችም እንዴ? ያቺ በማክሰኞው ድራማ? ስሟን እንደጠራሽው ሰው ባሏን ነው የሚጠብቀው።»

«እንኳየሁሽ።»

«የሳሙናዋ ማስታወቂያ! ‹እንኳን አየሁሽ እንኳየሁሽ› እያለች የምታጥበዋ። ልጆቹ ሁሉ ይዘፍኑታል።»

«ጥሩወርቅ።»

«ቲክቶክ ላይ ባሏን በሙቀጫ የምታባርረዋ።»

«አስረበብ!»

አሰለች የልብስ መቆንጠጫውን ከጥርሷ አወጣች። «አስረበብን አላውቃትም» አለች አሰብ አድርጋ። «ግን አንቺዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ያልታወቀም ስም አይሆንሽም። ስትጠሪያት ምንም አይመጣብኝም። እንደ ቀበሌ ወረቀት ነው። ባንችይርጋ ስትይ ቢያንስ ሰው ብድግ ይላል።»

«ለመሳቅ!»

«ለመሳቅም ቢሆን።»

«አንቺ ሴት፣ ቀይሪው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

«እኔማ ምን አገባኝ! ቴሌቪዥኑን ነው የነገርኩሽ» አለች አሰለች፣ እርጥብ ቀሚስ እያራገፈችባት።

ሰርክአዲስ ተቆጥታ ተመለሰች፤ ሁሉንም ገጹ ላይ ጻፈች፣ ሸጌና ትሁን የሚሉትንም ጨምራ ስድስት አደረሰቻቸው። አንዱም ልቧ አልገባም። በዚህ መሃል የባጃጅ ሾፌሩ ጋሻዬ መጥቶ ደጅ ላይ ጡሩንባውን ነፋ። ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ላሉት አባ ገብረ ዮሐንስ የሚላክ ጧፍ ነበረባት፤ ረስታዋለች። አርባውን ጧፍ አፈፍ አድርጋ በእጇ በገባ ወረቀት ጠቀለለችና አስረከበችው። ሲሄድ ነው ስሞቹ የተጻፉበት ገጽ አለመኖሩን ያየችው። «ይሂድ» አለች። «አንዱም የሚረባ አልነበረበት።»

ሐሙስ ከረፋዱ ላይ ጋሻዬ ተመልሶ መጣ። ፊቱ ላይ ቀልድ የለም፤ እሱ ደግሞ ያለ ቀልድ ቁሞ አያውቅም።

«እትዬ፣ አባ አሁኑኑ ይዘሃት ና ብለውኛል። ስለ ሟቾቹ ነው።»

«የትኞቹ ሟቾች?»

«እኔማ መች ደፍሬ ጠየቅኳቸው? ‹እንዴት ያለች ጽኑ ሴት ናት፣ እንዲህ ሆና ጧፍ ትሠራለች› እያሉ ነበር። ማን ሞተብዎት?»

ሰርክአዲስ ነጠላዋን እያጣፋች ባጃጁ ላይ ወጣች። መንገዱን በሙሉ ዘመዶቿን በልቧ ቆጠረች፤ ኮን ያሉትን፣ ገነተ ማርያም ያሉትን፣ ሁሉም ባለፈው እሑድ ደኅና ነበሩ።

አባ ገብረ ዮሐንስ ከዋሻው በር በታች ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዳዊታቸው ጭናቸው ላይ ነው።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። ያጥናሽ፣ ያጥናሽ፤ ሌላ ምን ይባላል?»

«አባ፣ ምን ሰምተው ነው? እየፈራሁ ነው የመጣሁት።»

ከዳዊቱ መሃል ወረቀት አወጡ። የደብተሯ ገጽ ነው፤ ሰም ጠብ ብሎበታል። ተሳላሚ ጧፍ ሲልክ ጧፉን የሚጠቀልለው የሟቾቹን ስም በጻፈበት ወረቀት ነው፤ ካህኑ ያንን አይቶ ነፍሳቸውን ያስባል። ላስታ ውስጥ ይኼን የማያውቅ የለም። ሰርክአዲስም ለሃያ ዓመት ለሰዎች ስትጠቀልል የኖረችው እንደዚያ ነው።

«የትናየት፣ እንኳየሁሽ፣ ጥሩወርቅ፣ አስረበብ፣ ሸጌ፣ ትሁን» ብለው አነበቡ አባ፣ እያንዳንዷ ላይ ቆም እያሉ። «ስድስት ሴቶች። መኪና ነው?»

«አባ…»

«ዛሬ ከኪዳን በኋላ ሁሉንም አሰብኳቸው። የክርስትና ስማቸውን አልጻፍሽም፤ ሐዘን ነው፣ እጅ ይስታል። እኔም ‹አንተ ታውቃቸዋለህ› አልኩ።»

«አያውቃቸውም አባ» አለች ሰርክአዲስ፣ ፊቷ ጋለ። «እስካሁን አልተፈጠሩም።»

አባ ቀና ብለው አዩዋት። እሷም የግዷን ነገረቻቸው፤ ታሪክ እንደጻፈች፣ ስም እንደጠፋባት፣ ስሞቹ የምትመርጥባቸው እንደነበሩ። ድራማውን ግን ለማስረዳት አፈረች፤ «በቴሌቪዥን የምትሳቅባት ሴት አለች» ብላ አለፈችው። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ ድንጋዩ ጎድጓዳ ላይ ሲያርፍ ይሰማል።

«እንግዲያ ላልተፈጠረ ሰው ነው ዕጣን ያጤስኩት?» አሉ።

«ይፍቱኝ አባ፤ እጄ ላይ የገባ ወረቀት ነው።»

«ተይው። በዚህ አገር የትናየት የምትባል ሞታ አስታዋሽ ያጣች አትጠፋም። ለእሷ ደርሷል።» ወረቀቱን አዙረው አዩት። «እኔ ያሳሰበኝስ ሌላ ነው። ይቺን ከላይ ያለችውን ሠርዘሻታል። ባንችይርጋ የምትለዋን። እሷን አላሰብኳትም። ወይ በሕይወት ተርፋለች፣ ወይ ተጣልታችኋል ብዬ ዘለልኳት።»

ሰርክአዲስ ጣቷን የተሠረዘው ስም ላይ አሳረፈች።

«የሞተችው እሷ ናት» አለች።

«እ?»

«ስድስቱ የሉም አባ። ያለችውና የሞተችው እሷ ናት። እህቴ ናት። እኔ ነኝ የሠረዝኳት።»

አባ አልገሠጿትም። «ባንችይርጋ» ብለው ብቻ ስሙን ደግመው አነበቡት፣ እንደ ማንኛውም የሰው ስም። ሰርክአዲስ ከማኅበሩ ዕለት ወዲህ ያን ስም ሳቅ ሳይከተለው ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነበር።

«በክርስትና ስሟ ብጽፈውስ?» አለች፣ እንደ መጨረሻ መውጫ። «ማንም አይስቅበትም።»

«እሱ የእኔ ሥራ ነው። ንገሪኝና እጠራታለሁ። አንቺ ጠርተሻት ‹አቤት› ትል የነበረው በየትኛው ነው?»

«በዚሁ።»

«እንግዲያ ምን ታደክሚኛለሽ?» አሉና ዳዊታቸውን ገለጡ።

ጋሻዬ ባጃጁን አስነሥቶ ይጠብቅ ነበር። ትንሽ እንደሄዱ አላስቻለውም።

«እና ማን ኖሯል የሞተው እትዬ?»

«ባንችይርጋ።»

ፊቷ እንዲያ ከብዶ እንኳ ስሙ ሥራውን ሠራ። ጋሻዬ መሪው ላይ ድፍት አለ። «ያዙኝ! ሶፋ…» ካለ በኋላ ነው በመስታወቱ ያያት። ደነገጠ። «እትዬ፣ ማርያምን! አፌ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ሳላስበው ነው ያመለጠኝ!»

«አቁም። ልውረድ።»

«ኧረ ይተዉ፣ ዳገቱን እንዴት ሊያደርጉት ነው?»

«በእግሬ።»

ወረደች። ጋሻዬ ትንሽ ርቀት በጎኗ እየዳኸ ለመናት፤ ዞር ብላም አላየችው፣ በመጨረሻ ሄደ። ሰርክአዲስ ጥድፍ ጥድፍ እያለች ዳገቱን ተያያዘችው፤ የተናደደችበትን ነገር በእግሯ የምትረግጥ ይመስል። ይኼ ልጅ ክፉ አይደለም። ባለፈው ክረምት አንዲት ነፍሰ ጡር በጭቃ ውስጥ በነጻ አመላልሷል። «እኔ አይደለሁም፣ አፌ ነው» ያለው እውነቱን ነው። ስሙ ሲጠራ ሳቁ ይቀድመዋል። አሁን እዚህ ዳገት ላይ እውነተኛ ባንችይርጋ ብትወድቅበት፣ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ነው የሚያነሣት።

እዚህ ሐሳብ ላይ ስትደርስ ቆመች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

መጀመሪያ ይስቃል። ከዚያ ነው የሚያነሣት። በመሃሉ ያለው ጊዜስ? ስንት ነው እሱ?

ቤቷ ስትደርስ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። የሰም መጠቅለያው ጠረጴዛ ላይ ቆማ፣ ታሪኩን ከላይ ጀምራ ጻፈችው። መቀመጥ አልቻለችም፤ አንድ አንቀጽ ጽፋ እስከ በሩ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ሌላውን ትጽፋለች። ስሙን መልሳ ባንችይርጋ አለችው፣ የመጀመሪያው ቃል አደረገችው። ባሏን አስቀረችው፣ በቅሎዎቹንም አስቀረቻቸው፤ በእነሱ ፋንታ አብረዋት የሚጓዙ መንገደኞችን አስገባች። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጨርሳ ስልክ ደወለች።

«ቃለሕይወት፣ ልኬ እስክታየው ጊዜ የለም። ላንብብልህ፣ አንተ ስማ ብቻ።»

«እሺ እትዬ። ማን አሏት?»

ሰርክአዲስ ጉሮሮዋን ጠረገች። «‹ባንችይርጋ የምትባል ሴት ነበረች። ሳቃችሁን ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ።›»

ከወዲያ በኩል ሳቅ አመለጠ። ሰርክአዲስ ዝም ብላ ጠበቀች። ሲያበቃ ቀጠለች።

በአዲሱ ታሪክ ባንችይርጋ ከማታውቃቸው መንገደኞች ጋር ከኮን ተነሣች። ስሟን ሲሰሙ ሳቁ። ቀኑን ሙሉ «ውደቂልን እንጂ!» እያሉ ነዘነዟት። እሷም ጨዋታ ታውቃለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ «ሶፋ አምጡልኝ» ብላ ወደቀችላቸው። መንገደኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እዚህ ላይ ቃለሕይወትም ሳቀ፣ ልጅ ነው፣ ከልቡ ነው የሳቀው። ከዚያ ዳገቱ መጣ። ባንችይርጋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ያዙኝ» አለች፣ ወደቀች።

ቃለሕይወት ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከመሃል ተቆረጠ። ሰርክአዲስ በጆሮዋ ሰማችው፣ ክር ሲበጠስ እንደሚሰማው። አላቆመችም። መንገደኞቹ እየሳቁ አሥር እርምጃ ሄዱ። ሃያ ሄዱ። አንደኛዋ «ዛሬስ አበዛችው» አለች። ሠላሳ። ዘወር ሲሉ ከማሳ የመጣ ሰው፣ ቴሌቪዥን አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ «ስምሽ ማን ነው?» እያላት ነበር።

አንብባ ጨረሰች።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«ሳቅህ?»

«…አዎ እትዬ።»

«ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አለችው፣ እሱ ያላትን መልሳ።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «አለቃዬ ግን… ድራማውን የሠሩት ሰዎች በስማችን ቀለደች ቢሉስ?»

«ስሙን እነሱ መች አወጡት? አያቴ ናት ያወጣችው።»

«እሺ፣ እሱን እኔ እናገራለሁ። ቢያንስ ያቺን ‹ሳቃችሁን ጨርሱ› የምትለዋን እናውጣት? አድማጭን መቆጣት ይመስላል።»

«አትወጣም።»

«እትዬ…»

«ልጄ፣ መቆጣቴ ነው። አትወጣም። ስትሰማት አንተ ጨርሰህ አልነበር?»

«ዓርብ ጠዋት በጽሑፍ ይድረሰኝ» አለ።

ቅዳሜ አሰለች ሬዲዮዋን አሟሙቃ ጎረቤት ሰብስባ ጠራቻት፤ ሰርክአዲስ አልሄድም አለች። ፊታቸውን እያየች መስማት አልፈለገችም። ቤቷም መቀመጥ አልሆነላትም። ጧፍ በቅርጫት ይዛ ወደ ገበያ ወረደች፤ ልትሸጥ ሳይሆን እጇ የሚይዘው እንዲያገኝ ነው። ላሊበላ ቅዳሜ ገበያው ጢም ይላል። አራት ሰዓት ሲሆን ሬዲዮ ሽሽት ከልብስ ሰፊዎቹ ወደ እህል ተራ ሄደች፣ ከእህል ተራ ወደ ሽንኩርት፤ ሬዲዮው ግን ስድስት ቦታ ነበር። የአንባቢዋ ድምፅ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው እየተቀባበለ ተከተላት።

«ባንችይርጋ የምትባል ሴት ነበረች።»

ሽንኩርት ተራው ሳቀ። «ሳቃችሁን ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ» ሲባል የባሰ ሳቀ። ሰርክአዲስ ቅርጫቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። በታሪኩ ባንችይርጋ ዛፉ ሥር ስትወድቅ ከሽንኩርት ተራው ዳር ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናው ተነሥቶ «ሶፋ! ሶፋ!» ብሎ ጮኸ። ሄደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች። ሁሉንም ነገር ያበላሸች መሰላት፤ እህቷን በገዛ እጇ ገበያ አውጥታ አሳቀችባት።

ዳገቱ መጣ። «ያዙኝ አለች፣ ወደቀች።»

ሳቁ ተነሣ። ከዚያ አንባቢዋ እርምጃውን ስትቆጥር፣ አሥር፣ ሃያ፣ ሳቁ ከየቦታው እየሳሳ ሄደ። ልብስ ሰፊው ለብቻው ትንሽ ሳቀ። አካባቢውን አየ። «ምን ሆና ነው?» አለ። «ዝም በላ እስቲ፣ እንስማበት!» አለችው ሽንኩርት ሻጭዋ። ሠላሳ። የሰውየው ጥያቄ መጣ። አንባቢዋ ቆም አለች፤ ማንም ቁሚ አላላትም፣ ደብተሩ ላይም አልተጻፈም። ከዚያ እንደ ሹክሹክታ፣ «ባንችይርጋ» አለች።

ማንም አልሳቀም። ሁሉም አላለቀሰም፤ ሽንኩርት መመዘን የቀጠለም አለ፣ ራቅ ካለው ሻይ ቤት እየተሳሳቀ የወጣም አለ። ልብስ ሰፊው ቁጭ ብሎ መርፌውን ሲሰካ፣ ሲነቅል፣ መልሶ ሲሰካ ነበር።

ከሰርክአዲስ እግር ሥር ጌሾ ዘርግተው የተቀመጡ አሮጊት ነበሩ። ድራማ የሚባል ነገር ማወቃቸውም እንጃ። ጆሯቸውን ወደ ሬዲዮው እንዳዘነበሉ «ነፍስ ይማር» አሉ። ቀና ብለው ሰርክአዲስን አዩ፣ ደረቷ ላይ የተጣበቀውን ቅርጫት፣ የምትንቀጠቀጠውን አገጯን።

«የማን ሟች ናት ልጄ?»

ሰርክአዲስ ልብ ወለድ ነው ልትል አፏን ከፈተች።

«የእኔ» አለች።

«እግዜር ያጥናሽ» አሉ አሮጊቷ። ጌሾአቸውን ወደ ጎን ሰብስበው ቦታ ለቀቁላት። «ነይ እዚህ። ስሟን ንገሪኝ እስቲ፣ ደኅና አድርጌ አልሰማሁትም።»

ሰርክአዲስ መሬቱ ላይ ተቀመጠችና ነገረቻቸው።